እኔ ሰካሁት እንጂ እኔ አላቃጠልኩትም

 

ባለፈው እሁድ ስብሰባችን ላይ አንዲት እህት ተነስታ ችግሯን ተናገረች። የአሠሪዋ የቡና ማሽን እሷ ስትሰካው ተቃጥሎ ከደሞዟ ሊቆረጥባት ነው። ገና ተናግራ ሳትጨርስ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሦስት እህቶች «ክፈዪና ተገላገዪ፣ ሰላምሽን ግዢ» አሏት። አንዷማ «በእጅሽ አይደል እንዴ የተቃጠለው? ምን ብለሽ ልትከራከሪ ነው?» አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። እኔም ከሰው መሀል ዝም አልኩ። ማታ ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱም የዛሬ ሁለት ዓመት ያቺ አንገቷን የደፋችው ልጅ እኔ ነበርኩ።

እሁድ ያልተናገርኩትን ዛሬ በዚህች ጋዜጣችን ላይ እጽፈዋለሁ። የምጽፈው «ክፈዪ» ላላችሁት እህቶቼ ነው። ታላቆቼ ናችሁ፣ አከብራችኋለሁ፣ በብዙ ነገርም ረድታችሁኛል። በዚህ ግን ተሳስታችኋል።

እኔ የደረሰብኝ

የማዳም ሴት ልጅ አሜሪካ ነው የምትኖረው። ለበዓል ስትመጣ ለእናቷ ስጦታ ብላ የኤስፕሬሶ ማሽን ይዛ መጣች። የሚያብረቀርቅ፣ የሚያምር፣ ከነካርቶኑ። ልጅቷ ተመልሳ ከሄደች በኋላ ማዳም ማሽኑን አውጥታ ወጥ ቤት አስቀመጠችው። የስፒናው ጥርስ ጠፍጣፋ ነው፣ የወጥ ቤታችን ሶኬት ደግሞ ክብ ነው። ሱቅ ላከችኝና ጠፍጣፋውን ወደ ክብ የምትቀይረውን ትንሿን አዳፕተር ገዝቼ መጣሁ። ከዚያ ማዳም ሳሎን ከጎረቤቶቿ ጋር ተቀምጣ «ያላ፣ ስኪውና ቡና አምጪልን» አለችኝ። ለጎረቤቶቿም እየሳቀች «እሷ የቡና አገር ልጅ ናት፣ ታውቅበታለች» አለቻቸው።

ውሃ ሞላሁ፣ ሰካሁ፣ አበራሁ። መብራቷ ቦግ አለች። ትንሽ ሳይቆይ ውስጡ መንጫጫት ጀመረ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ጧ አለና ጭስ ወጣ። ሮጬ ነቀልኩት። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ማዳም መጣች። «ምን አደረግሽው?» አለች። እኔም እዚህ አገር መጥተን መጀመሪያ የምንማረውን ቃል አልኩ፤ «አና አሲፌ ማዳም፣ አና አሲፌ»። በቃ፣ እዚያ ላይ አለቀልኝ። እኔ ይቅርታ ያልኩት ስለደነገጠች አዝኜ ነው። እኛ አገር ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን አይደል? ገፍተነው ነው እንዴ? አይደለም። «እኔን» ማለት «እኔ ነኝ» ማለት አይደለም። እሷ ጋ ግን ይቅርታዬ እንደ ፊርማ ተቆጠረ። «አየሽ፣ አንቺው ራስሽ አመንሽ» አለችኝ።

ልጇ ጋ ደውላ ዋጋውን ጠየቀች፣ 600 ዶላር ነው ተባለ። «ግማሹን አንቺ ትከፍያለሽ፣ ግማሹን እኔ ትቼልሻለሁ» አለችኝ። ደሞዜ 200 ነው። ሦስት ወር በየወሩ 100 ተቆረጠ። በእነዚያ ሦስት ወራት ለእናቴ የምልከው ለመድኃኒቷ እንኳ አልበቃም። «ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?» ስትለኝ «ባንክ ነው እማዬ፣ ባንክ አስቸግሮ ነው» እያልኩ ዋሸኋት።

በአራተኛው ወር ፍሪጅ ሊሠራ ኤሌክትሪክ ሠሪ መጣ። ማዳም «እስቲ ይሄንንም እየው» ብላ ማሽኑን ሰጠችው። ሰውየው አልፈታውም። ገልብጦ ታቹን አነበበና ሳቀ። «ይሄ እኮ የአሜሪካ ነው። በ110 ነው የሚሠራው። በ220 ማን ሰካው?» አለ። ማዳም እኔን አየች፣ እኔም ማዳምን አየሁ። ሰውየው አዳፕተሯን አንስቶ «ይቺ ጥርሱን ነው እንጂ ኤሌክትሪኩን አትቀይርም» አለና ወደ ፍሪጁ ሄደ።

300 ዶላሬ ተመለሰ ወይ? አልተመለሰም። ማዳም በሳምንቱ ሁለት ሸሚዝ ሰጠችኝ። ለብሼዋለሁ፣ ጥሩ ሸሚዝ ነው። 300 ዶላር ግን አይደለም።

ውስጡ ምን ሆነ?

ትምህርቴ የቆመው አስረኛ ክፍል ላይ ነው። ፊዚክስ ላይ «ፓወር እኩል ይሆናል ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት» ብለን በእንግሊዝኛ ሸምድደን ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር። 300 ዶላር ከፍዬ ነው የገባኝ፣ ለእናንተ በነፃ ልንገራችሁ።

ቮልት ማለት ልክ እንደ ውሃ ግፊት ነው። አሜሪካ ቤት ውስጥ ያለው ግፊት 120 ነው። ሊባኖስ 220 ነው፣ ኢትዮጵያም 220 ነው። የማዳም ማሽን ታቹ ላይ 120 ቮልት፣ 1200 ዋት ይላል። 1200ን ለ120 ስታካፍሉት 10 ይመጣል። ይህ ማለት አሜሪካ ሲሰካ ውሃ የሚያሞቀው ሽቦ 10 አምፔር ይስባል ማለት ነው። እዚህ ግፊቱ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ያው ሽቦ 10 መሳቡ ቀርቶ ወደ 18 አምፔር ይስባል። 18 ሲባዛ በ220 ወደ 4000 ዋት ነው።

4000 ዋት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ እንኳ 3500 ዋት አካባቢ ነው። እንግዲህ ማዳም «ቡና አምጪ» ስትለኝ እኔ ሳላውቅ አንድ ትልቅ የእንጀራ ምጣድ በዚያች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ለኩሼ ነበር። ታዲያ ባይቃጠል ነው የሚገርመው። ያን ሰዓት ደግሞ ዳውለ መጥቶ ነበር። ኢሽቲራክ ላይ ብንሆን ኖሮ 5 አምፔሩ ወዲያው ይጥለው ነበር፣ ምናልባት ማሽኑም ይተርፍ ነበር።

እንግዲህ ንገሩኝ። እዚህ ውስጥ የእኔ እጅ ምን አደረገ? ማዳም ራሷ ብትሰካው ይቃጠል ነበር። ልጇ ብትሰካው ይቃጠል ነበር። ኤሌክትሪክ የሰካውን ሰው ፓስፖርት አያይም።

ለሦስቱ ክርክሮች መልስ

አንደኛ፣ «በእጅሽ ነው የተቃጠለው» ላላችሁት። አንድ ሰውዬ የናፍጣ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ሞልቶ ቁልፉን ለሹፌሩ ቢሰጠውና «ንዳ» ቢለው፣ ሞተሩ መንገድ ላይ ሲበላሽ ማን ነው ጥፋተኛው? መሪውን የያዘው ሹፌሩ ነው። ግን ሹፌሩ ይክፈል የሚል ሰው አለ? ማሽኑን የመረጠው ማን ነው? ባሕር አሻግሮ ያመጣው ማን ነው? አዳፕተር ግዢ ያለው ማን ነው? ስኪው ያለውስ? በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኔ ድርሻ የመጨረሻው አንድ ሴኮንድ ብቻ ነው። ዋጋውን ግን ግማሹን ከፈልኩ።

ሁለተኛ፣ «ማዳምም አላወቀችም፣ ሆን ብላ አይደለም» ላላችሁት። እውነት ነው፣ አላወቀችም። እኔም አላወቅኩም። ሁለታችንም አላወቅንም። ታዲያ የሁለት ሰው አለማወቅ ከአንድ ሰው ደሞዝ፣ ያውም ትንሹን ከምታገኘው ላይ የሚቆረጠው በየትኛው ፍርድ ነው? ማሽኑ የሷ፣ ቤቱ የሷ፣ ትዕዛዙ የሷ፣ ዕዳው ሲመጣ የኔ።

የእነሱም ኑሮ እንደከበደ አውቃለሁ። በፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ ሊራው ወድቆባቸዋል፣ ባንክ ገንዘባቸውን ይዞባቸዋል። የማዳም ለቅሶ አንዳንዴ በበሩ በኩል ይሰማኛል፣ አዝንላታለሁም። ግን የባንኩን ዕዳ ከእኔ መቀበል አትችልም።

ሦስተኛ፣ «ሰላምሽን ግዢ» ላላችሁት። እኔ ገዝቼዋለሁ፣ በ300 ዶላር። ስንት ቀን እንደቆየ ልንገራችሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ካውያው እምቢ ሲል ማዳም ገና ሳታየው «ይሄንንም አቃጠልሽው?» አለች። አንዴ የከፈለች ሰው ሁልጊዜ ከፋይ ናት። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ማዳም ጎረቤቷ ጋ ቡና ስትጠጣ «የኔዋ እኮ ከፈለች» ብላ ታወራለች። ጎረቤትየዋም ነገ የሷ ብሌንደር ሲቃጠል ይህንኑ ታስታውሳለች። እዚያ ቤት ያለችው ሠራተኛ ደግሞ እህታችን ናት። እኔ ለሰላሜ ብዬ የከፈልኩት ገንዘብ በእሷ ላይ ታሪፍ ሆነ ማለት ነው።

ፍርድ ቤት ሂጂ የሚለኝ ካለም፣ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ1946 ሲወጣ አንቀጽ 7 በሰው ቤት የሚሠሩትን ከሕጉ ውጪ አድርጓል፣ ያ አንቀጽ ዛሬም አለ። በ2020 የሠራተኛ ሚኒስቴር ለእኛ የተሻለ የሥራ ውል አውጥቶ ነበር፣ የኤጀንሲዎቹ ማኅበር ከስሶ በዚያው ዓመት አሳገደው። እኔ ሕግ የለምና እንተወው አልልም። ሕጉ ካልያዘልን ማስረጃችንን ራሳችን እንያዝ ነው የምለው።

የሰበርኩትን ሰበርኩ እላለሁ። ብርጭቆ ከእጄ ቢወድቅ «እኔ ነኝ ማዳም» እላለሁ፣ ብዬም አውቃለሁ። ሳህን ሲሰበር ክደን በሌላዋ ላይ የምናሳብብ ካለን እሱም ነውር ነው። እኔ ዛሬ የምከራከረው ስላልሰበርኩት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን

እህቶቼ፣ ማዳምን ብቻ ወቅሼ አልጨርስም። እኛም «እሺ» ማለት አብዝተናል። ያልገባንን «እሺ»፣ ያላየነውን «እሺ»። እኔ ያን ቀን ማሽኑን ገልብጬ ባየው ኖሮ አሥር ሴኮንድ ነበር የሚፈጅብኝ። ለምን አላየሁም? «አታውቅም» እንዳትለኝ ነዋ! የቡና አገር ልጅ ተብያለሁ፣ ጎረቤቶቿ ፊት ማፈር አልፈለግኩም። የቡና አገር ልጅ መሆኔ እውነት ነው። ግን እናቴ ቡና የምታፈላው በከሰል ነው። ጀበና ስንት ቮልት ነህ ብሎ አይጠይቅም። አዲስ አበባ እነ ቶሞካ በፈረንጆቹ ከ1953 ጀምሮ ቡና ይሸጣሉ፣ ማኪያቶ የሚለውን ስምም ከጣሊያን ወስደን የራሳችን አድርገነዋል። እኔ ግን ከገጠር ቀጥታ ነው የመጣሁት። የማኪያቶ ማሽን በእጄ የነካሁት መጀመሪያ እዚህ ነው። አለማወቄ አያሳፍርም ነበር። ያለመጠየቄ ነው 300 ዶላር ያስከፈለኝ።

ሌላ ያሳሳተን ነገር ስልካችን ነው። የስልክ ቻርጀር አገር ቤትም፣ እዚህም፣ ዱባይም ተሰክቶ ይሠራል። ስለዚህ ጥርሱ የገባ ሁሉ የሚሠራ ይመስለናል። የቻርጀራችሁን ጀርባ አሁኑኑ እዩት። ከ100 እስከ 240 ይላል። ለሁሉም አገር ተደርጎ የተሠራ ነው። የቡና ማሽን፣ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ቶስተር፣ የውሃ ማፍያ ግን ብዙዎቹ እንደዚያ አይደሉም። ውሃ ወይም ብረት የሚያግል ዕቃ ሲሆን ሁለት ጊዜ እዩ።

እንዴት እንደሚነበብ

ማንኛውም ዕቃ ታቹ ወይም ጀርባው ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለው። እንግሊዝኛ ባንችልም ቁጥር እንችላለን። በ«ቪ» ፊደል የሚያልቀው ቁጥር ቮልት ነው። በ«ኤች» እና «ዜድ» የሚያልቀው ኸርዝ ነው። በ«ደብሊው» የሚያልቀው ዋት ነው።

ቮልቱ 220፣ 230፣ 240 ወይም ከ220 እስከ 240 ካለ እዚህ ይሰካል።

ከ100 እስከ 240 ካለ የትም ይሰካል።

110 ወይም 120 ብቻ ካለ እዚህ ሶኬት ላይ በቀጥታ አይሰካም። አዳፕተር ቢኖርም አይሰካም። ማዳም ብትቆጣም አይሰካም።

ለዚህ የሚሆነው ትራንስፎርመር ነው፣ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ከባድ ሣጥን። የሚችለው ዋት ከማሽኑ ዋት መብለጥ አለበት። ለ1200 ዋት ማሽን 1500 ወይም 2000 ዋት የሚለው ነው የሚገዛው። ለጉዞ ተብላ የምትሸጠዋ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ነገር አትበቃም። ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልቱን ነው እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። አሜሪካ 60 ነው፣ እዚህ 50 ነው። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች ውስጥ ውሃውን የሚገፋው ትንሽ ፓምፕ በኸርዙ ልክ ነው የሚመታው። በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲመታ የተሠራው እዚህ 50 ጊዜ ይመታል፣ ይደክማል፣ ይሞቃል። ስለዚህ በትራንስፎርመር ቢሠራም እንኳ እንደ አገሩ ላይሠራ ይችላል። ያኔም «አንቺ አበላሸሽው» እንዳይባል ይህንን ቀድሞ መናገር ነው።

ትክክለኛው የ220 ማሽን ቢሆንም ኢሽቲራክን አትርሱ። 5 አምፔር በ220 ሲባዛ 1100 ዋት ነው። የቡና ማሽን ለብቻው ይህንን ያልፋል ወይም ይጠጋል። ፍሪጅ እየሠራ ማሽኑን ስትሰኪው ከጣለ ጥፋትሽ አይደለም፣ ሂሳብ ነው። ዳውለ ሲመጣ ሲሄድም ማሽኑን ነቅሎ ትንሽ መጠበቅ ጥሩ ነው፣ በዚያች ሰዓት ኮረንቲው ይዘላል።

ከገንዘብ በላይ የሆነው

ይህንን ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። ስፒናው ላይ ከሁለቱ ጥርሶች ሌላ ሦስተኛ ጥርስ ካለ፣ ወይም በጎኑ ትንሽ ብረት ካለው፣ እሱ የመሬት ሽቦ ነው። ማሽኑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ገላውን ቢነካ ኮረንቲው በዚያ በኩል ወደ መሬት እንዲሄድ ነው የተደረገው። ርካሽ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ ይህ የላቸውም። በሁለት ጥርስ ብቻ ሲሰካ ኮረንቲው የሚሄድበት መንገድ ይጠፋዋል፣ በሰው በኩል ነው የሚሄደው። ሰው ማለት ደግሞ እርጥብ እጅ ይዛ ወጥ ቤት የቆመችው እኔና አንቺ ነን። በብዙ አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ ራሱ የመሬት ሽቦ የለውም።

ስለዚህ የብረት ማሽን ስትነኪ ትንሽ እንኳ ነዘር ካደረገሽ «ለምጄዋለሁ» አትበዪ። ማሽኑን እንደገና አትንኪው። ብሬከሩን አጥፊ፣ ከዚያ ንቀዪ፣ ከዚያ ለማዳም ንገሪ። ማሽን ይገዛል። አንቺ ለእናትሽ አንድ ነሽ።

ለአገር ቤት ማሽን ለምትገዙ

ይህ ነገር የማዳም ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን አገር ስንገባ ትንሽ ቡና ቤት የመክፈት ሐሳብ አለን። አንዲት ጓደኛዬ እዚህ እሁድ ገበያ ላይ አንድ ያገለገለ ማሽን በ150 ዶላር አግኝታ «ሲሳይ ነው» ብላ ገዛች። በካርጎ ላከችው። ወንድሟ ሱቅ ተከራይቶ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ሰካው። የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ የአሜሪካ ማሽን ነበር። እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ? «አንተ ነህ ያቃጠልክብኝ» ብላ ወንድሟን ስድስት ወር አላናገረችውም። ስነግራት አለቀሰች። እህቶቼ፣ ማዳም እኛ ላይ የሠራችውን እኛ ደግሞ ወንድማችን ላይ እንሠራለን። እጅን መክሰስ ቀላል ስለሆነ ነው፣ ሰሌዳውን ገልብጦ ማንበብ የሚከብደን።

ከሊባኖስ፣ ከዮርዳኖስ፣ ከኩዌት፣ ከኳታር፣ ከኤምሬትስ ሱቅ ለዚያው አገር ተብሎ የተሸጠ ማሽን ብዙውን ጊዜ ለኢትዮጵያ ይሆናል። ቮልቱ ተቀራራቢ ነው፣ ኸርዙም 50 ነው። ቢሆንም ሰሌዳውን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። ሳውዲ ግን 60 ኸርዝ ነው። በዚያ ላይ ሳውዲ የነበራችሁ እንደምታውቁት አሮጌ ቤቶች ውስጥ 110 የሚሉት ሶኬትና የ220 ሶኬት ጎን ለጎን አሉ፣ በ2010 መንግሥታቸው ወደ 230 ለመቀየር ወስኖ ቀስ እያለ እየተቀየረ ነው። ስለዚህ ከሳውዲ ስትገዙ ቮልቱ 220 ወይም 230፣ ኸርዙ ደግሞ 50 እና 60 አንድ ላይ የተጻፈበትን ፈልጉ። የ220 ማሽን 110 ላይ ቢሰካ በአብዛኛው አይቃጠልም፣ ይለግማል። ሙቀቱ ሩብ ይሆናል፣ ቡናውም ለብ ያለ ነው። ይህን ያየ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ በርካሽ ሊሸጥላችሁ ይችላል፣ እሱ እንኳ ዕድል ነው። የሚያቃጥለው ተቃራኒው ነው። የካፌ ትልልቆቹ ማሽኖች ደግሞ ብዙ ዋት ስለሚፈልጉ ከመግዛታችሁ በፊት የሱቃችሁ መስመር ስንት እንደሚችል እዚያው አገር ያለ ኤሌክትሪክ ሠሪ ይይላችሁ።

የምጠይቃችሁ

ከዛሬ ጀምሮ በማኅበራችን ሦስት ነገር እንድንስማማ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ ሳንሰካው በፊት ሰሌዳውን በስልካችን ፎቶ እናንሳ። ያልገባት እሁድ ታምጣው፣ አብረን እናነባለን። እኔ አነባለሁ፣ ቃሌ ነው።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የማይስማማ ከሆነ ለማዳም በጽሑፍ ወይም በድምፅ መልእክት «ማዳም፣ ይሄ 120 ይላል፣ ቤታችን 220 ነው፣ ልሰካው?» ብለን እንጠይቅ። በትህትና፣ ያለ ክርክር። ብዙዎቹ እንዲያውም ያመሰግኑናል፣ ንብረታቸውን ነው ያዳንነው። «ስኪው» ካለችም መልሷ ስልካችን ውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ዕቃ ሲቃጠል ከድንጋጤ የተነሳ «እኔ ነኝ» አንበል፣ ወረቀት አንፈርም። «አዝናለሁ ማዳም፣ ለምን እንደተቃጠለ ሠሪ ይየው» እንበል። እዚያው ቀን ለማኅበሩ እንደውል። አንዷ ብቻዋን ስትሆን ቶሎ ትከፍላለች፣ ብዙ ሆነን ስንጠይቅ ግን ሰሌዳው ይነበባል።

እሁድ ለተነሳሽው እህቴ፦ ያን ቀን ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይሄኛው ይቅርታ እውነተኛ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ። ገና አልተቆረጠብሽምና በሚመጣው እሁድ የማሽኑን ሰሌዳ ፎቶ ይዘሽ ነይ። ማዳምሽ ጋ የሚሄድ ሰው ካስፈለገም እኔ ከታላላቆቻችን አንዷን ይዤ አብሬሽ እሄዳለሁ።

«ክፈዪ» ያላችሁት እህቶቼም፣ እሁድ ኑና ተከራከሩኝ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ በጀበና።

እህታችሁ
ከቤይሩት